ደረሰኝ የሌለው መውጣት አይችልም

አዛውንቱ ማዞሪያው ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ሸጎጠና ወደ ጠርሙስ መመለሻ ክፍሉ መውጫ አመራ። ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመው የሚሽከረከር ብረት ደረቱ ላይ ገትሮ ያዘው። ገፋው፤ ንቅንቅ አልል አለ። ወደ ጎን ሲዳስስ መስታወት ነው። የገባበት በር ደግሞ ለካ ከውጭ ለሚመጣ ብቻ የሚከፈት ኖሯል፤ ከውስጥ እጀታ እንኳ የለውም።

ሰፈሩ «ማዞሪያው» የሚለው ሠላሳ ዓመት ስልክ ማዞሪያ ላይ ስለሠራ ነው። ዐይኑ ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ይህ ደግሞ ታላቅ እህቱን እንቅልፍ ነሥቷታል። «ብቻውን መውጣት አይችልም» ትላለች፤ ለሐኪሙም ለጎረቤቱም፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እየሰማ። ቤቱን ለቆ ጓሮዋ ካለችው ክፍል እንዲገባ ለሰኞ የጭነት መኪና ተነጋግራለች። ለምኖ ለምኖ አንድ ሳምንት አገኘ። ጉዳዩን ሁሉ ያለ ማንም እርዳታ ከጨረሰ መኪናው ይቀራል። ዳቦ ገዝቷል፣ መድኃኒቱን አምጥቷል፣ ፀጉሩን ተስተካክሏል። የቀረው ጠርሙስ መመለስ ብቻ ነበር።

ድሮ ጠርሙስ መመለስ ማለት ለባለሱቁ በመስኮት አቀብሎ፣ ጤና ጠይቆ፣ የመያዣ ገንዘቡን ተቀብሎ መሄድ ነበር። አሁን መስኮቱም ባለሱቁም ቀሩና በገበያ አዳራሹ ጥግ፣ ከሻወር ቤት ብዙም በማትሰፋ ክፍል ውስጥ ማሽን ተተከለ። ነገሩን የቀየሱት ሰዎች ብዙ ተጨንቀዋል። ሰው ገብቶ እንዳይተኛ ብለዋል፣ ሰው እንዳያጭበረብር ብለዋል። ዐይነ ስውርም ውሃ እንደሚጠጣ ብቻ ነው የዘነጉት።

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ቀዳዳው ውስጥ መክተቱ አላስቸገረውም። ከዚያ በኋላ ግን እጁ ያገኘው ልሙጥ ስክሪን ነበር። ቁልፍ የለው፣ ጉብታ የለው። መሀሉን ተጫነ፣ ታቹን ተጫነ። ማሽኑ ደስ የሚል ዜማ አሰማና ዝም አለ። ዜማውን ሲሰማ የተሳካለት መስሎት ፈገግ ብሎ ነበር።

መስታወቱን አንኳኳ። «ሰው የለም?» አለ፣ ልመና እንዳይመስልበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከማዶ የገንዘብ ተቀባይዋ መሣሪያ ጢጥ ጢጥ ሲል ይሰማዋል፤ የእሱን ድምፅ ግን የአዳራሹ ሙዚቃ ዋጠው። ማሽኑ ሆዱ ውስጥ ጠርሙስ ይፈጫል፣ ክፍሉም እየሞቀ ሄደ። ላብ አጠመቀው። ኪሱ ውስጥ ስልኩን ጨበጠ። አንድ ቁጥር ቢጫን እህቱ ትመጣለች፤ ሰኞ ደግሞ መኪናው። ለቀቀው። መልሶ ጨበጠው። ያቺ የጓሮ ክፍል ገና ሳይገባባት እዚሁ ደረቱ ላይ የተጫነችው መሰለው። ፈራ፤ መፍራቱ ደግሞ አናደደው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩ ተከፈተ። ቀዝቃዛ አየር ገባ፤ ቀጥሎ የሚያውቀው ጉልበት ቀጭ ሲል ሰማ።

«በሩን ያዢው» አለ።

በሩ ተዘጋ።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«በዚህ በኩል ሳልፍ አየሁህና…»

«ዳቦ ቤቱም ጋ ስታልፊ ነበር?»

ሳምንቱን ሙሉ እንደ ጥላ ስትከተለው ኖራለች። ዳቦ ቤት ትንፍሽ ሳይል ወረፋውን የለቀቀለት ሰው፣ መንገድ ሲሻገር መኪናውን ያስቆመለት፣ ማን እንደነበር አሁን ገባው።

«ከውጭ ቆሜ አይህ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ትደውልልኛለህ ብዬ ጠበቅኩ።»

«አልደወልኩም።»

«አልደወልክም። በል ና እንውጣ» ብላ ብረቱን ገፋች። ለእሷም አልተበገረም። በላዩ የተጻፈውን አነበበች። «‹ደረሰኝ የሌለው መውጣት አይችልም› ይላል። ደረሰኝህ የታል?»

«አልሰጠኝም።»

ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «‹ለአካል ጉዳተኞች መርጃ ስለለገሱ እናመሰግናለን።› ለግሰኸዋል እኮ።»

«ለራሴ ለገስኩ በይኛ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። «እርዳታ» የሚለውን ተጫነች፤ «እባክዎ ይጠብቁ» አላት። ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ከልጅነቷ ጀምሮ ጠባብ ቦታ አትወድም፤ አሳንሰር እንኳ በዞረበት አትዞርም። መስታወቱን በሁለት እጇ ትመታው ጀመር።

«አየር የለም እዚህ» አለች። «እንዴት ቻልከው አንተ?»

«ቦርሳሽ ውስጥ ውሃ አለ?»

«ጠማህ?»

«ጠርሙሱን ነው።»

ውሃውን አንጠፍጥፎ ጠጣላት። ጠርሙሱን ከተተች፣ የሚጫነውን አይታ ተጫነች፣ ወረቀቱ ወጣ። ብረቱ ጎን ላለው ማንበቢያ አሳይታ ወንድሟን አስቀደመችና ጀርባው ላይ ተለጥፋ ተከተለች። ብረቱ እሱን አሳልፎ እሷን ሆዷ ላይ ገታት። አንድ ደረሰኝ ለአንድ ሰው ነበር።

«እንዳትሄድ» አለች ከብረቱ ማዶ። «እዚያው ቁም፤ ትጠፋለህ።»

«መግቢያው በመንገድ በኩል ነው፣ ዞሬ እስክከፍትልሽ ይቆይብሻል። ሰው ልጥራልሽ እንጂ።»

«እሺ። ቶሎ በልልኝ ግን።»

የሰኞውን መኪና ሊያነሣባት ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። እዚያ ውስጥ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያጥር ያውቃልና አሳዘነችው። በትሩን ዘርግቶ ጢጥ ጢጡን ተከትሎ ሄደ። መደርደሪያ ነካ፣ ዞረ፣ የሰው ጋሪ ገጭቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ደረሰ። ከኋላው ቀጭ የሚል ጉልበት አልነበረም።

ገንዘብ ተቀባይዋ ሥራዋን አቆመች። «ምን ልርዳዎት አባባ?»

«እኔን አይደለም» አለ። «ጠርሙስ ክፍሉ ውስጥ እህቴ አለች። ብቻዋን መውጣት አትችልም።»