የምታጉረመርመው ጀልባ

ጀልባዋ ተጠግና ውሃ ከገባች በሦስተኛው ቀን ማጉረምረም ጀመረች። ስትታጠፍማ ቋ! ቋ! እያለች ተሳፋሪውን ታስደነግጣለች። ሞተሯ ከውስጥ ነው፤ ውሃውን የሚገፋውን ፕሮፔለር የሚያዞረው እግር ደግሞ ከኋላዋ፣ በውጭ በኩል ተገጥሟል። ያንን እግር ፈትቶ፣ ኩሽኔታውን ቀይሮ፣ መልሶ የገጠመው ጆሮ ነው።

ጆሮ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ካቻቢቴውን ብረት ላይ አስደግፎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሞተር ሕመም ስለሚሰማ ነው እንዲህ የሚሉት። አባቱ ልጆቹንም ሚስቱንም በቀበቶ ሲገርፍ የኖረ ሰው ነበር። ጆሮ ሲያገባ የልጅቷ ዘመዶች "የእባብ ልጅ እባብ" ብለው አጉረመረሙ፤ እሱም "ይሄ እጅ ሰው ላይ ከተነሳ ጥለሽኝ ሂጂ" ብሎ ማለላት። ሰባት ዓመት ሙሉ መሐላውን ጠበቀ። የአባትየውን እጅ የወረሰው ታላቅ ወንድሙ፣ የጀልባዋ ባለቤት ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ወንድምየው ተሳፋሪው ወርዶ ሳያልቅ ዘሎ ወረደና ጆሮን አንገቱን አንቆ ከውሃው ዳር ካለው ጋራዡ ግድግዳ ጋር አላተመው።

"አሮጌ ኩሽኔታ ነው የከተትክበት፣ አይደል?"

"አዲስ ነው ጋሼ። እስቲ ላዳምጣት።"

"እስከ ስድስት ሰዓት ዝም ካላሰኘሃት ጣቶችህን አንድ በአንድ ነው የምሰብራቸው!" አለና ለቀብድ ያህል አንድ ቡጢ አፉ ላይ አሳረፈበት።

ጆሮ ደሙን ተፋና ካቻቢቴውን አነሳ። መመታቱንስ ከልጅነቱ ለምዶታል። የሚፈራው የገዛ እጁን ነበር።

ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ። ማርሹ ጋ ሰላም ነው፤ ፕሮፔለሩም ደህና። እግሩ ከጀልባዋ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ጩኸቱ ጥርሱን አነቃነቀው። ፈታው። የሦስት ቀኑ ኩሽኔታ በአንድ ጎኑ ተበልቷል። ይህ የሚሆነው ሞተሩና እግሩ ቀጥ ብለው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይለካ ገጥሞ አያውቅም። የመለኪያ ዘንጉን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት አወረደና መስታወት ላይ አንከባለለው። ዘንጉ እያነከሰ ሄደ። ተጣሟል! በተጣመመ ዘንግ ነው የለካው።

ከምን እንደተጣመመ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ከሳምንት በፊት ወንድሙ አንዱን ጫኝ አረፈድክ ብሎ ደጃፉ ላይ ሲቀጠቅጠው፣ ጆሮ ሞተር ውስጥ አንገቱን ቀብሮ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነበር። ብረት ከግድግዳው ሲነሳ፣ ከዚያም ሥጋ ላይ ሲያርፍ ሰምቷል። ቀና ብሎ ግን አላየም።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የዘንጉ ነው" አለ ወጥቶ። "ያጣመምከው ደግሞ አንተ ነህ፣ ጫኙ ጀርባ ላይ።"

"ውሸታም! የራስህን ጥፋት በእኔ ልታላክክ?"

"እውነቱን ነው" የሚል ድምፅ መጣ። ቲኬት የምትቆርጠው የጆሮ ሚስት ከጠባብ ክፍሏ ወጥታ ቆማለች። "በዚያ ብረት ስትደበድበው በዓይኔ አይቻለሁ።"

ወንድምየው ተንደርድሮ ደረሰባት። በጥፊ አላጋት፤ መሬት ላይ ተዘረረች።

ዘንጉ ጆሮ እጅ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ምት የወንድሙን ክንድ አገኘ፤ እሱ ብቻውን ይበቃ ነበር። ሁለተኛው ትከሻውን ሰበረ። ሦስተኛውና አራተኛው ያረፉት ወንድምየው በጉልበቱ ተንበርክኮ "በእናታችን! በእናታችን!" እያለ ሲለምን ነው። የማይሳሳተው ጆሮው የትከሻውን አጥንት ከጎድኑ ለይቶ ሰማ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደስ አለው፤ የሰላሳ ዓመት ጥሙ የረካ መሰለው።

"ተው! ገደልከው እኮ!"

የሚስቱ ጩኸት ነው ያስቆመው። ዘንጉን ወረወረ። ወንድሙ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ያቃስታል፤ ጫኞቹ ሊያነሱት ሮጡ። ጆሮ ግን ወደ ሚስቱ ሄደ። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ አገጯ ላይ ወርዷል። መዳፉን በቱታው ጠርጎ ደሟን ሊያብስላት እጁን ወደ ፊቷ ዘረጋ።

እሷ ሁለት ክንዷን አንስታ ፊቷን ከለለች።