በአንድ በር አንድ እጅ

ባሌ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ነበር። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ሶፋ ላይ ተጎልቶ ሲያዛጋ ይውላል። ከሰፈራችን በታች ባለው ሜዳ ላይ አራት ሺህ ቤት ሊሠራ ነው ሲባል ግን ነቃ። የተቃውሞ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነላችሁ፣ ጉድ በሉ!

«መንገዱ ይጨናነቃል! ውሃው አይበቃም! የማን ዘር እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ይግተለተልብናል!» ጠዋት ማታ ይኸው ነው። የውሃው ነገር እንኳ ሐሰት አይደለም፤ ቧንቧችን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ግን ለውሃ ቧንቧ ይጠየቃል እንጂ ቤት ይከለከላል? እንዲህ ስለው «አንቺ ልብስሽን ስፊ» ይለኛል።

ልብሱን የት እንደምሰፋ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። የስፌት መኪናዬ ድሮ ጓሮ ካለችው ክፍል ነበር። ልጃችን የቤት ኪራይ ሲያንገሸግሻት ከነባሏ ከነሁለት ልጆቿ እዚያች ክፍል ገባች፤ መኪናዬ ኮሪደር ወጣ። አንድ አልጋ፣ መሬት ላይ አንድ ፍራሽ፣ ከላይ የልብስ ገመድ፣ አለቀ። ትንሹ የልጅ ልጄ ግድግዳው እርጥብ ስለሆነ ሳሉ አይለቀውም። ልጄ አዲሶቹን ቤቶች እንደ ጽድቅ ነበር የምትጠብቃቸው። «እማዬ፣ መስኮት ያለው ወጥ ቤት! ደግሞ ቅርብ ነው፤ ጠዋት ልጆቹን አንቺ ጋ ጥዬ ሥራ እገባለሁ» ትለኛለች።

ኮሚቴው ባነር አማረው። ማን ይስፋ? የሰብሳቢው ሚስት ነቻ! ወፍራም ነጭ ሸራ አመጡልኝና ከቀይ ጨርቅ ፊደል እየቆረጥኩ ለጠፍኩበት፦ «ሰፈራችን ለልጆቻችን!» ልጄ ከሥራ ስትገባ ኮሪደሩን የሞላውን ሸራ አነበበች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ እንዳታቆሽሸው በጠርዝ በጠርዙ አለፈች። አንጀቴን በላችው።

የስብሰባው ቀን ከቤቶች ቢሮ አንድ ሰውዬ መጣ። የነዋሪው ፍላጎት ይታወቅ ተባለ። እኛ ሰፈር ድምፅ የሚሰጠው በበር ነው፤ በአንድ በር አንድ እጅ። ለዘበኛና ለቦይ ጠረጋ ስንመካከር የመጣ ልማድ ነው፤ ለቦይ ደህና ነበር። የጓሮ ክፍል ውስጥ ያለው ሕዝብ ግን በር የለውም።

«ቤቶቹ ይሠሩ የምትሉ?» ሲባል ልጄ እጇን አወጣች።

የኮሚቴው ጸሐፊ ፋርማሲስቱ ነው፤ አፉ ቅቤ። «የኔ እህት፣ የማን በር ነሽ?» አላት።

ልጄ አባቷን አየችው። እሱ መሬት መሬት እያየ «የኔ በር ናት። የኔ በር ይቃወማል» አለ። እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ የራሴን እጅ አወጣሁ፤ «እኔስ? የማን በር ነኝ?»

«እትዬ፣ የእርስዎን ባለቤትዎ ያወጡልዎታል» አለ ፋርማሲስቱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባሌም ሳቀ። ያን ሳቁን እስክሞት አልረሳውም።

አሸነፉ። ቢሮው ቤቶቹን ወደ ሌላ ከተማ ወሰዳቸው፤ የልጄ ባልም እዚያው ግንባታው ላይ ሥራ አገኘ። በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ አገር ነው። ልጄ ጠቅልለው እንደሚሄዱ ስትነግረው አባቷ «ያው ትመላለሳላችሁ» አለ። በምን ትመላለስ፣ በክንፍ?

ዕቃቸው ሲጫን ዝናብ አካፋ። ፍራሹ እንዳይበሰብስ መሸፈኛ ስፈልግ ባነሩ ኮሪደር ላይ ተጣጥፎ አገኘሁት። ወፍራም ሸራ ነው፣ እኔው ነኝ የሰፋሁት። ፍራሹን ጠቅልዬ በገመድ ጠፈርኩት። ባሌ ትንሹን አቅፎ ሲስም ሲያለቅስ አላየኝም። የጭነት መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን ቀዩ ፊደል ወደ እኛ ዞረ።

«ያ ባነራችን አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«ነው።»

«እንዴት ለፍራሽ ታደርጊዋለሽ?»

«ለልጆቻችን ይል የለ? ልጆቻችን ወሰዱት።»

አሁን በረንዳ ላይ ወንበሩን ወደ ሜዳው አዙሮ ይቀመጣል። ትናንት «ልጆቹ መቼ ነው የሚመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሜዳህ አለልህ አይደል?» አልኩት፤ «ውረድና እሱ አያቴ ይበልህ።»