በትከሻ የተሻገረች ጀልባ

ጀልባዋ ውስጥ ዶሮ ታቅፋ ነበር። ጀልበኛው ሸራውን ሲገልጥ ከኋለኛው መቀመጫ ሥር ገለባዋን ሰብስባ፣ ላባዋን ነፍታ፣ «ምን ፈለግህ?» በሚል ዓይን ቀና ብላ አየችው። ይህች ጀልባ በደጉ ዘመን ሙሽራ አሻግራለች፤ ሬሳ አሻግራለች፤ አንድ ክረምትም መሐል ወንዝ ላይ ሕፃን ተወልዶባታል። ዶሮዋን ከነእንቁላሏ በቅርጫት አንስቶ ወደ ጓዳ ወሰዳት። ያየው ሰው አልነበረም። እሱ ግን ግራ ቀኙን አየ።

እንግዶቹ ረፋዱ ላይ ይደርሳሉ። ከተማ ነርስ የሆነችው ልጁ እጮኛዋንና የእጮኛዋን እናት ይዛ ልትመጣ ነው። በስልክ፣ «አባዬ፣ አትቸገር፣ በድልድዩ ዞረን እንመጣለን» ብላው ነበር።

«በድልድይ? እኔ በቁሜ? ሰው ምን ይለኛል! እንግዳዬን በገዛ ጀልባዬ አሻግራለሁ።»

«ወንዙ እንዴት ነው ግን?»

«እንደተውሽው ነው» አላት።

ውሸቱ አዲስ አልነበረም። ልጁ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ «ና ከኔ ጋር ኑር» ባለችው ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ «ወንዙን ለማን ጥዬ?» በመጀመሪያ እውነት ነበር። ከዚያ ወንዙ ደረቀ፤ መልሱ ግን አልደረቀም።

ዱሮ የዚያ ዳር ሰው ስለ ወንዙ ሲያወራ ስለ ቁጡ ዘመድ የሚያወራ ይመስል ነበር። «ዛሬስ ተነስቶበታል፣ አትጠጉት» ይባላል፤ ወይም «ዛሬ ደህና አድሯል፣ ልብስ ይዘን እንውረድ።» ጀልበኛውም ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በድምፁ ብቻ ፀባዩን ያውቀው ነበር። በኋላ ከላይ በኩል የአትክልት እርሻዎቹ ፓምፕ ተከሉ። ከታች በኩል ገልባጭ መኪኖች መጡ፤ ከተማው ቤት በቤት ላይ ይሠራ ነበርና አሸዋ ጠማው። አሸዋው ለካ ለወንዙ እንደ ሥጋ ነበር። እሱ ሲወሰድ ውሃው አንዳንድ ቦታ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ አረንጓዴ ለበሰ፤ ሌላው ቦታ ላይ ቁርጭምጭሚት እንኳ መሸፈን አቃተው። ተሻጋሪዎቹ መጀመሪያ ጥቂት አፈሩ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሲያልፉ፣ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጦ ለሚጠብቃቸው ሰውዬ ለሐዘንተኛ እንደሚሰጥ ያለ ሰላምታ ይሰጡት ነበር። ቆይተው እሱንም ተዉት።

ያኔ ነው አካፋ ያነሳው። «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ብሎ ከአሸዋ ጫኞቹ ጋር ተቀላቀለ። ሳምንቱ በጋ ሆነ፤ በጋው ሌላ በጋ ወለደ። ሰው ሲያሻግርበት የኖረውን ወንዝ እየዛቀ መኪና ላይ ይጭነው ጀመር። ጫኞቹ፣ ዕድሜውንም ጉልበቱንም አይተው፣ «ጋሼ አካፋ» የሚል ስም አወጡለት። ለልጁ ግን፣ «ሥራ እንዴት ነው?» ስትለው፣ «ተመስገን፣ ሰው እናሻግራለን» ነበር የሚላት።

ሰሞኑን አሞኛል ብሎ ከሥራ ቀርቷል። አልታመመም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይወጣ፣ ከዳር እስከ ዳር ቦይ ሲቆፍር ነበር፤ ለጀልባዋ የሚሆን፣ ለአንዲት ቀን ብቻ የሚሆን ወንዝ።

ባዶዋን ጀልባ በረጅሙ ዘንግ እየገፋ ሲሻገር ቦዩ ታዘዘለት። መኪናቸው ከማዶ ቆማለች። ልጁ ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች፤ ውሃው ጋ ስትደርስ ቆመች። ወንዙን አየች፤ ከዚያ አባቷን አየች። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማየት ያቃታት ይመስል ነበር። አቅፋው ትከሻው ላይ ብዙ ቆየች።

የእጮኛዋ እናት ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ገዘፍ ያሉ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሴት ናቸው። ጀልባ ተሳፍረው አያውቁም፤ ለዛሬ ብለው አዲስ ጫማ አድርገዋል። በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወረዱና፣ «ወንዙ ይሄ ነው?» አሉ። ልጃቸው በክርኑ ነካ አደረጋቸው። «አይ፣ ማለቴ... ያምራል» አሉ።

ተሳፈሩ። ሦስት ሰው ሲጨመርባት ጀልባዋ ዝቅ አለች። ጀልበኛው አልተጨነቀም፤ ልኩን አስቦ ነው የቆፈረው። ያላሰበው የላይኞቹን እርሻዎች ነበር። ጠዋት ፓምፖቻቸውን ከፍተዋል፤ ውሃው እየሸሸ ነው። መሐል ላይ ሲደርሱ የጀልባዋ ሆድ አሸዋውን ፋቀው፣ አቃሰተች፣ ቆመች።

«ደረስን እንዴ?» አሉ ሴትዮዋ።

ማንም አልሳቀም። ጀልበኛው በዘንጉ ገፋ፤ ዘንጉ ጎበጠ። እንደገና ገፋ። እጮኛው የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ሲጀምር፣ «ተው! እንግዳ በእግሩ ውሃ ረግጦ ቤቴ አይገባም!» ብሎ ጮኸበት። ድምፁ ካሰበው በላይ ወጣ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ውሃውን ትመለከት ነበር። የቦዩ ጠርዝ በአካፋ እንደተቆረጠ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከሥር ይታያል።

«አባዬ፣ ይሄን ማነው የቆፈረው?»

«ውሃ ነዋ። ውሃ መንገዱን ራሱ ያበጃል።»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ከመታጠፊያው በኩል ሰዎች መጡ፤ አካፋ በትከሻቸው፣ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ በወገባቸው። ከፊት የሚመራቸው አፉ ስለማያርፍ «ዝምተኛው» የሚሉት ትልቅ ሰውዬ ነው። ከሩቅ አይቶ እጁን አወዛወዘ።

«ጋሼ አካፋ! አንተ ሰውዬ፣ ታመመ ብለን ስንጨነቅ አንተ እዚህ ትንሸራሸራለህ? ያላንተ እኮ መኪናው አልሞላ አለን!»

ጀልባዋ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ ጀልበኛው ዞሩ። ፊቱን እሳት ላሰው። ይህን ሰውዬ ያውቀዋል፤ በየቀኑ ዳቦ ከአንድ ጨርቅ ላይ ይቆርሳሉ። ባለፈው በጋ ፀሐይ መትታው ስትጥለው አዝሎ ዛፍ ሥር ያደረሰው፣ ውሃ በእፍኙ ያጠጣው እሱ ነው። ጀልበኛው አፉን ሲከፍት ሌላ ነገር የሚናገር መስሎት ነበር።

«ሰውዬው ተሳስቷል» አለ፣ እስከ ማዶ እንዲሰማ አድርጎ። «አላውቀውም።»

ዝምተኛው ያነሳው እጅ አየር ላይ ቀረ። ጀልባዋን አየ፤ ታጥባ ተወልውላለች። ሴትዮዋን አየ፤ አዲሱን ጫማ አየ። ከዚያ ልጅቷን አየ፤ እሷ ላይ ቆየ። ጀልበኛው ልጁን ሳያነሳ የዋለበት ቀን የለምና ማን እንደሆነች ለመገመት አልከበደውም። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባት» አለ። «ከሌላ ሰው ጋር አመሳስዬዎት ነው።»

«እርስዎ» አለው። በዚያ አፍ፣ ከዚያ ሁሉ ስድብና ቀልድ በኋላ፣ «እርስዎ»። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ዝምተኛው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በአገጩ ጠቆመ። አካፋቸውን ዳር ላይ ሰክተው ገቡ። እጮኛውና ልጅቷ ጀልባዋ እንድትቀል ወርደው ውሃው ውስጥ ቆሙ። ጀልበኛውም ሊወርድ እግሩን ሲያነሳ፣ ዝምተኛው ሳያየው፣ «ይቀመጡ፤ ጀልባዎ ነው» አለው። ተቀመጠ።

ጀልባዋን ከነሰዎቹ አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጓት። ሌላ ጊዜ ሸክም ሲያነሱ ይዘፍናሉ፤ ግጥሙን የሚያወጣው ራሱ ዝምተኛው ነው። ዛሬ ትንፋሻቸውና የእግራቸው ኮቴ ብቻ ይሰማል። ሴትዮዋ በሁለት እጃቸው የጀልባዋን ጠርዝ ይዘው እንደ ልጅ ይስቃሉ፤ «ጉድ! እንዲህ ተሸክሞኝ የሚያውቅ እናቴ ብቻ ናት!» ይላሉ። ጀልበኛው ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያያል። የዝምተኛው ራስ፣ አቧራ የነከሰው ፀጉሩ፣ ከጠርዙ በታች የተጫነው ትከሻው ይታየዋል። በስተጎን ልጁ ቀሚሷን ሰብስባ ከጫኞቹ እኩል ትራመዳለች። አንዴ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን ወደ ማዶ አሸሸ።

«እንዴት ያሉ ደጎች ናቸው!» አሉ ሴትዮዋ። «ያውቋቸዋል?»

«ያው... የአካባቢው ሰዎች ናቸው።»

ዳር ላይ አወረዷቸው። ልጅቷ አንድ በአንድ እየጨበጠች አመሰገነቻቸው። ዝምተኛው ተራው ሲደርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጣትና፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ነርሷ» አላት። ወዲያው ያመለጠው ገባው፤ አካፋውን ነቅሎ፣ ዞሮ ሳያይ ሄደ።

ቤት ውስጥ ገበታው ቀረበ። ሴትዮዋ የጀልባዋን ነገር ለጎረቤቶቻቸው እንዴት እንደሚነግሩ እየተለማመዱ ይጫወታሉ፤ እጮኛው ይስቃል። ጀልበኛው የቆረሰው ዳቦ እጁ ላይ ደረቀ። «ምነው፣ እርስዎ አይበሉም?» ሲሉት፣ «ውሃ ላምጣ» ብሎ ተነሳ። እንስራው ሙሉ ነበር።

ልጁ ከጓሮ አገኘችው። አጠገቡ ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጀልበኛው በእግሩ ጣት መሬቱን ጫረ።

«ብትነግረኝ የማፍርብህ መሰለህ?»

«በራሴማ አፍሬ ጨርሻለሁ» አለ። «ወንዙን ለማን ጥዬ እያልኩሽ፣ ወንዙን እኔው ለገልባጭ ሳስጭነው... ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ልጅቷ ስትናገር ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ነው የባሰው።

«እሱን ተወው አባዬ። ያ ሰውዬ ማነው?»

ሊመልስ ሞከረ። «ጓደኛዬ» ሊል ነበር፤ ጠዋት የካደው አፍ ግን ያንን ቃል መጥራት አልሆነለትም። እንግዶቹን ትቶ፣ ልጁን ትቶ፣ ቁልቁለቱን ወረደ።

ጫኞቹ በመኪናው ጥላ ሥር ለምሳ ተቀምጠዋል። ጨርቁ መሬት ላይ ተዘርግቶ ዳቦው መሐል አለ። ሲያዩት ጨዋታቸው ቆመ። አንደኛው ቦታ ሊለቅለት ፈቅ ማለት ጀመረና ዝምተኛውን አይቶ ተወው።

«ምን ፈለጉ አባት?» አለ ዝምተኛው።

ጀልበኛው ሲወርድ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። እግሩ ወንዙ የነበረበት ደረቅ አሸዋ ውስጥ ሰመጠ።

«አንተ በለኝ» አለ። «እባክህ... አንተ በለኝ።»

ዝምተኛው የጎረሰውን ቀስ እያለ ያላምጣል። ዓይኑ ከጀልበኛው ትከሻ በላይ ወደ ቁልቁለቱ አየ፤ ከዚያ በኩል የሚወርድ የሰው ኮቴ፣ የሚንከባለል ጠጠር፣ «ቀስ ብለሽ፣ ጉልበቴን!» የሚል የሴትዮዋ ድምፅ ይሰማል። ጀልበኛው አልዞረም። እጆቹን አጣምሮ፣ ከፊቱ ያለው ሰው እስኪውጥ ጠበቀ።