የኮኪት ድርሻ

ጠዋት ተነስቼ ዶሮዎቹን ለቀቅሁ፤ ግቢውን ጠረግሁ። ከዛፉ ሥር የቆመውን ቀይ ትራክተር በጨርቅ አበስሁት። ሐሙስ ሐሙስ እንደማደርገው፣ መርገጫው ላይ ቆሜ ሞተሩን አስነሳሁና ትንሽ እንዲሠራ ተውሁት። ባትሪው እንዳይሞት ነው። ወንበሩ ላይ አልቀመጥም። ባለቤቴ ደረበ ረጅም ስለነበር ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ አስተካክሎታል። እሱ ካረፈ ወዲህ ማንም አልነካውም።

ከዚያ ወደ ውሃ ኮሚቴው ስብሰባ ሄድሁ።

የወረዳው የፕሮጀክት ባለሙያ ነኝ፤ የከተማችንን የኮኪትን ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ የእርዳታ ጥያቄ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ለጋሹ ድርጅት የቁፋሮውን፣ የፓምፑንና የቧንቧውን ወጪ ይችላል። የእኛ ድርሻ፣ በቢሮ አነጋገር ማቺንግ ፈንዱ፣ ለውሃ ማጠራቀሚያው ግንባታ የሚሆን አሸዋና ድንጋይ ማቅረብ ነው። የድርጅቱ መሐንዲስ ነገ ከጎንደር መጥታ ክምሩን ታያለች። ክምሩ ከሌለ እርዳታው ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

ግንባታው ቦታ ላይ ግን አንዲት ጠጠር አልነበረችም። ቃሉ የተገባው ሐምሌ ላይ ነው። ከዝናብ ለመጠለል የተሰበሰበ ገበሬ ለጥቅምት የማይገባው ቃል የለም። አሁን ጥቅምት ነው፤ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ቆሟል፤ ሰውም ትራክተርም እርሻ ላይ ነው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም፤ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ነው።

«አንድ ሳምንት እንድትታገሠን ጠይቂልን» አሉኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ባየልኝ።

«ጠይቄያት ነበር። ‹እኔ ክምር እንጂ ቃል አልለካም› አለችኝ።»

የኮሚቴው አባል እትዬ ጥሩአየሁ ሳቁ። «እውነቷን እኮ ነው! በቃል ቢሆንማ ባየልኝ ብቻውን ዓባይን ይገድበው ነበር!»

«ያንቺ ምላስ ድንጋይ ቢሸከም ኖሮ ደግሞ ሥራው ዛሬ ባለቀ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እትዬ ጥሩአየሁ ግን ወዲያው ኮስተር አሉ። «ሴቶቹ አለን፤ አካፋም አለን። መምህራኑም ከሰዓት ይመጣሉ። ያጣነው ከወንዝ የሚያመላልስ ትራክተር ነው።»

ሁሉም ቀዩን ትራክተር ያውቁታል። ማንም ወደ እኔ አልዞረም፤ አቶ ባየልኝ ከዘራቸውን ማየት ያዙ።

«የእኔ አለ» አልሁ።

«እስኪ ደግመሽ አስቢበት፣ እስከዳርዬ» አሉኝ እትዬ ጥሩአየሁ ቀስ ብለው።

«ተሳቢም አለው። ሹፌር ፈልጉ።»

የተገኘው ፈረደ ነው፤ የጭነት መኪናው ተበላሽቶበት መለዋወጫ ሲጠብቅ የሰነበተ አጭር ሰው። ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እግሩ ፍሬኑ ላይ አልደርስ አለው።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ግመል ነበር እንዴ!» ብሎ ሳቀ። የሳቀለት አልነበረም። ዘወር ብሎ አየኝ። «ይቅርታ፣ እህቴ።»

«ወንበሩን ሳበው» አልሁት።

ዝጎ ነበር። በመዶሻ ቢመታው ጮኸና ወደ ፊት ተንሸራተተ።

ከዚያ በኋላ ኮኪት ሌላ ኮኪት ሆነች። ወንዙ ዳር ሴቶች በሁለት ወገን ተከፍለው ተሳቢውን ማን ቀድሞ እንደሚሞላ ተፎካከሩ። ሻይ ሻጯ ኩብራ ሻይዋን በጀሪካን ይዛ ወረደች። መምህራኑ ከነሸሚዛቸው ድንጋይ ተቀባበሉ። ወደ መተማ ዮሐንስ የሚሄድ ባዶ ገልባጭ ቆመና ሹፌሩ «ምንድነው፣ ሠርግ ነው?» አለ። «የውሃ ሠርግ ነው፣ ና ድንጋይ ጫን!» አሉት፤ እውነትም ጫነ። ፈረደ በተመለሰ ቁጥር «ሌላ! ሌላ!» ይባላል። እኔም አካፋ ይዤ እጮህ ነበር፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

በማግሥቱ መሐንዲሷ ማርያማዊት ሜትሯን ዘርግታ ክምሩን ለካች፤ ዞረችና እንደገና ለካች።

«ከተባለው ይበልጣል» አለች። «ቁፋሮው ይጀመራል።»

እልልታው ቀለጠ። አቶ ባየልኝ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ።

«በል እንግዲህ፣ ዓባይን ገድበው!» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

አመሻሽ ላይ ፈረደ ትራክተሩን አጥቦ አመጣልኝ፤ ከዛፉ ሥር በነበረበት አቆመው። ወንበሩንም ወደ ኋላ ሊመልሰው ያዘ።

«የትኛው ቀዳዳ ላይ ነበር፣ እህቴ?»

ቀርቤ አየሁ። ወንበሩ የሚቆለፍባቸው ቀዳዳዎች ብዙ ናቸው፤ የቱ እንደነበር አላውቅም።

ትራክተሩ ቦታው ላይ ነው። ደረበ ያስተካከለው ወንበር ግን አሁን የለም።