የቢሰጥ ደብተር

«ንፍሮዋን ቅመሺ እንጂ፤ ሆድሽ ባዶውን አይዋል!» አሉ እትዬ አስረሳች ሳህኑን እየገፉላት።

ታንጉት አፏን በነጠላዋ አፍና ከድንኳኑ ጀርባ ሮጠች። ጠዋት የጠጣችውን ውኃ ሳይቀር አወጣችው።

«ሐዘኑ ነው» ተንሾካሾኩ ሴቶቹ። «ሃያ ሦስት ዓመት አብሮ ኖሮ፣ ቀላል መሰለሽ?»

ታንጉትም ሐዘኑ ነው ብላለች። ባሏን የቀበረችው ትናንት ነው።

ቢሰጥ ሰመራ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ስኳሯና ክብደቷ ተባብረው ጉልበቷን ሲይዟት፣ ሐኪሙ በሳምንት አንዴ የምትወጋው ክብደት መቀነሻ መርፌ አዘዘላት። መርፌው ከገበያ ሲጠፋ በየቀኑ ወደሚዋጥ ኪኒን ቀየረላትና የሚሰማትን ሁሉ እንድትጽፍ ነገራት።

«እኔ ከሁለተኛ ክፍል የቀረሁት? እንዴት አድርጌ!» አለች።

ቢሰጥ ደብተር ገዝቶ መጣ። በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት ይጠይቃት ነበር።

«እሺ ታንጉ፣ ዛሬስ?»

«ደህና ነኝ። አትጨቅጭቀኝ።»

«‹ደህና› ብዬ አልጽፍም። አቅለሸለሸሽ? አዞረሽ? ስንቴ ወጣሽ?»

«ሽንት ቤት መሄዴንም ልትጽፍ ነው?»

«እሱማ ዋናው ነው!»

አሁን ግን የመጣችው የጎረቤት ባለሱቋ ኸሊዳ ናት፤ ውኃ ይዛ ድንኳኑ ጀርባ ደረሰችላት።

«ከጠዋት ስንተኛሽ ነው?»

«አራተኛዬ።»

«ኪኒኑንስ ውጠሻል?»

«እንዴት አልውጥ? ቢሰጥ አንድ ቀን እንዳታሳልፊ ይለኝ አልነበር!»

«ያ አላህ! ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«ነገ ሰልስቱ ነው። ድንኳኑን ጥላ ሄደች ልባል? አልሄድም ብያለሁ!»

ኸሊዳ ቤት ገብታ ደብተሩን አመጣችና የመጨረሻውን ገጽ አነበበችላት።

«9ኛ ቀን። ሁለቴ አስመለሳት። ሙቀቱ ነው አለች። አላመንኳትም። ከሥራ ስመለስ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ።»

ከሥራ ግን አልተመለሰም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለች።

ታንጉት ደብተሩን ትክ ብላ አየችው። «ይሄ ሰውዬ!» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። «በይ ባጃጅ ጥሪልኝ።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ በደም ሥሯ ሁለት ከረጢት ፈሳሽ ገባላት። ሐኪሙ ደብተሩን ገለጠ።

«ከሰውነትሽ ውኃ አልቆ ኩላሊትሽ ሊጎዳ ነበር። የሚያስመልስሽ ኪኒኑ ነው፤ ለጊዜው አቁሚው፤ ሌላ እናይልሻለን። ማነው እንዲህ የመዘገበው? ምንም ሳልጠይቅሽ ሁሉን ነገረኝ።»

«ባለቤቴ ነው። ነፍሱን ይማረው።»

ከሰዓት ድንኳኑ ስትመለስ እትዬ አስረሳች ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«የት ጠፋሽ ልጄ? ለቀስተኛው ሁሉ ሲጠይቅሽ!»

«ቢሰጥ ሐኪም ቤት ወስዶኝ ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ። ታንጉት ፍራሿ ላይ ተቀመጠችና ውኃ ተጎነጨች። ጠበቀች። አልተመለሰባትም። ደገመች።

ከኸሊዳ እስክሪብቶ ተቀብላ ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ከቢሰጥ የመጨረሻ መስመር ሥር፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያሰበች፣ በተንጋደደ ጽሕፈት ጻፈች።

«11ኛ ቀን። ውኃ ረጋልኝ። ልክ ነበርክ።»