የፍሬን መብራቱ ይበራ ነበር?

ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ ፍሬን» ነው የሚላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና መንዳት ሲያስተምሩ በቀን መቶ ጊዜ «ፍሬን! ፍሬን!» እያሉ ስለኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ስሙ አልለቀቃቸውም። ማሠልጠኛው ሲዘጋ የሚያስተምሩባትን፣ ሁልጊዜም ግቢያቸው የምታድረውን ትንሽ ሰማያዊ መኪና ራሳቸው ገዝተው አስቀሯት። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እግረኛ ለማሳለፍ ማቋረጫው ላይ ቆመው ሳለ፣ ዳቦ የጫነ መኪና ከኋላ መጥቶ ያቺኑ መኪና ድፍጥጥ አደረጋት።

የዳቦ መኪናው ሹፌር ገና ጎረምሳ ነው። ዘሎ ወርዶ፣ «ይቅርታ አባት፣ ስልኬን እያየሁ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ጋሼ ፍሬን አንገታቸውን እያሹ ወረዱና፣ «ተርፈናል እኮ! በል ተረጋጋ» ብለው እሳቸው አጽናኑት። ከአስፋልቱ ላይ ዳቦ እየለቀሙ ትራፊክ ፖሊስ ጠበቁ።

በሳምንቱ ከልጃቸው ጋር ወደ ሹፌሩ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄዱ። የካሳ ክፍል ሠራተኛዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ፋይሉን ገለጠችና ፊቷ ትንሽ ከበደ።

«ጋሼ፣ ሹፌሩ ቃሉን ሰጥቷል። ‹ድንገት ቆሙብኝ፣ የፍሬን መብራታቸውም አይሠራም ነበር› ይላል።»

«ምን?» አለች ልጃቸው ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ስልኬን እያየሁ ነበር ብሎ የለም እንዴ?»

«እዚህ ላይ እንደዛ አላለም፤ የሰማ ሰውም አልቀረበም። እኔ መጠየቅ ያለብኝን ልጠይቅ። ጋሼ፣ የፍሬን መብራትዎ ይበራ ነበር?»

ሌላ ቀን ቢሆን ጋሼ ፍሬን ይስቁበት ነበር፤ እሳቸውን ስለ ፍሬን መጠየቅ! ግን የመጣባቸው ሳቅ አልነበረም፤ የግቢያቸው ጠዋት ነው የመጣባቸው።

ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን መብራት ሳያስፈትሹ ከግቢ ወጥተው አያውቁም። ፈታሿ ባለቤታቸው ነበሩ። የባላቸውን አሮጌ ካፖርት ደርበው፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ከመኪናዋ ኋላ ይቆማሉ። «ግራ! እሺ። ቀኝ! እሺ። አሁን እርገጥ! ኧረ ጠበቅ አርገህ እርገጥ፣ ቁርስህን የት አገባኸው?» ይላሉ። ተኳርፈው ባደሩበት ቀን እንኳ አይቀሩም፤ ቃል ላለመተንፈስ ብቻ የዕቃ መጫኛውን ክዳን በጣታቸው ኳ ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ ኳ ካለ ይበራል፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ አምፖሉ ሄዷል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኩርፊያውም እዚያው ያልቃል፤ ሁለቱንም ሳቅ ያሸንፋቸዋል።

ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ፍሬን ማንንም ከኋላ ቁምልኝ ብለው አያውቁም። ጎረቤት ጠፍቶ አይደለም። በዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ማየት አላስችል ስላላቸው ነው።

ልጃቸው በክርኗ ነካ አደረገቻቸውና በሹክሹክታ፣ «አባዬ፣ ‹ይበራ ነበር› በልና እንገላገል» አለቻቸው።

«አላየሁትማ» አሉ፣ ጮክ ብለው። ከዚያ ወደ ሠራተኛዋ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ፍሬኑን ረግጫለሁ። መብራቱን ግን አላየሁም። የምታይልኝ የዚህች ልጄ እናት ነበረች።»

ሠራተኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «እንዲህ ብዬ ከጻፍኩት ሊጎዳዎት ይችላል እኮ።»

«ጻፊው ግድ የለም።»

ጻፈችው። መኪናዋን የድርጅቱ መርማሪ እንደሚያያት ነግራ ሸኘቻቸው።

ታክሲ ውስጥ ልጃቸው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ግማሽ መንገድ ኮርፋ ሄደች። ቆይታ፣ «እኔ እኮ ልጅ ሆኜ በእማዬ ድምፅ ነበር የምነቃው» አለች። «‹እርገጥ!› ስትል ለኔ እየመሰለኝ ብርድ ልብሱን እረግጠው ነበር።»

ጋሼ ፍሬን በሳቅ ፈነዱ። የታክሲው ሹፌር በመስታወት አያቸው። «ለዚህ ነዋ ብርድ ልብስሽ ሁልጊዜ መሬት የሚገኘው! እናትሽ ስንቱን ጠዋት ስትወቅስሽ!» አሉ፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

መርማሪው ቀጠሮ የያዙት ሐሙስ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። አጭር፣ ወሬ የማይወድ ሰውዬ ናቸው። የግራው የኋላ መብራት ደቅቋል። የቀኙን ግን ፈተው አምፖሉን በጥንቃቄ አወጡና በአጉሊ መነጽር ብዙ አዩት። ከዚያ፣ «ይምጡ እስቲ» ብለው ጠሯቸው።

«ውስጧ ያለችው ክር ትታይዎታለች? ቀዝቃዛ እንዳለች ብትመታ ኖሮ ወይ እንደነበረች ትቀራለች፣ ወይ ቀጭ ትላለች። ይቺ ግን ተለጥጣ ተንዘላዝላለች። እንዲህ የምትሆነው ግላ ለስልሳ ሳለ ስትመታ ነው። ሲገጭዎት መብራቱ እየበራ ነበር።»

ጋሼ ፍሬን አምፖሏን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አነሷት። ደስ አላቸው፤ በጣም ደስ አላቸው። ይህን እቤት ገብተው ለማን እንደሚያወሩት ያሰቡ ጊዜ ግን እዚያው የነበረ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። መርማሪው የሚጽፉ መስለው ራቅ አሉ።

የመርማሪው ጽሑፍ ሲደርሰው የዳቦ መኪናው ሹፌር ቃሉን አስተካከለ። ከዚያም ደወለላቸው። «አለቃዬ ከሥራ ያባርረኛል ብዬ ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።»

«አባረረህ?»

«አላባረረኝም። ለጊዜው መጋዘን አስገብቶኛል።»

«እንግዲያው ነገ መሪ ሲሰጥህ ስልክህን ኪስህ ክተት» አሉት። ቁጣቸው እንዳሰቡት ያህል አልወጣላቸውም።

ኢንሹራንሱ የጥገናውን ወጪ ሙሉውን ሸፈነ። ሠራተኛዋ ራሷ ደውላ ነገረቻቸው፤ ስለ አንገታቸውም ጠየቀቻቸው። ባትላሜራው ደግሞ የተደፈጠጠውን ቆርቆሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲቀጠቅጥ ሰነበተ። መኪናዋን ሊረከቡ ሲሄዱ የኋላዋ ክዳን አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከሌላው አካሏ ይልቅ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቃቸው።

«የድሮውን ቀለም ማግኘት አልቻልንም፣ ጋሼ» አለ ቀቢው አንገቱን እያከከ። «ከፈለጉ ሁለመናዋን አንድ ዓይነት ላርግልዎት?»

ጋሼ ፍሬን ዞር ዞር ብለው አዩዋት። በሮቿ ላይ ያለው ፈዛዛ ሰማያዊ ያን ሁሉ ዓመት ከቤት ደጅ ቆሞ ፀሐይ የበላው ነው።

«ተወው» አሉ። «እሱም ደጅ እየዋለ ይደበዝዛል።»

ሞተሩን አስነሡና ልጃቸውን ከሥራዋ ሊያመጡ ሄዱ።