ጋሼ ምን አያችሁ

ጋሼ ጡረታ ወጡ ሲሉኝ የርቀት መነጽር ገዛሁላቸው፤ ማዶ ያለውን ወፍ አፍንጫ ሥር የሚያመጣውን ዓይነት። የልጅነቴ የተፈጥሮ ጥናት መምህር ናቸው። ከትምህርት ቤቱ ማዶ ወዳለው ረግረግ ዳር ይወስዱንና አንድም ቀን በጣታቸው ሳይጠቁሙ «ምን አያችሁ?» ይሉን ነበር። ወፍ ስንላቸው «እግሩስ? ሲያርፍ ጭራውን ምን ያደርጋል?» እያሉ ነፍሳችን እስክትወጣ ያስለፈልፉን ነበር። ስማቸው ተረስቶ «ጋሼ ምን አያችሁ» ሆነው ቀሩ።

እኔን ሰው ያደረገኝ ያ ጥያቄ ነው። ዛሬ መምህራንን አሠለጥናለሁ። «አስተማሪ ይጠይቃል እንጂ አይጠቁምም» የሚል ሕግ አለኝ፤ ልጅ ወፏ አልታየችኝም ብሎ ቢያለቅስ እንኳ ንቅንቅ አልልም። ዘዴው በየትምህርት ቤቱ እንዲሠራበት ስለተወሰነ ነገ አዳራሽ ሙሉ መምህር ይጠብቀኛል። ዘዴውን በስማቸው ሰይሜዋለሁ። ይህን ላበስራቸው ነበር ቤታቸው የሄድኩት።

ጋሼ መነጽሩን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጡት ሲሉ ጠረጴዛውን ሳቱት።

«እትዬ፣ ዓይናቸውን ምን ነካቸው?» አልኳቸው ባለቤታቸውን።

«የአሁን መሰለሽ እንዴ ልጄ? እናንተን ሲያስተምርም ከክንዱ አርቆ አያይም ነበር። ከሥራ እንዳያባርሩት አፋችንን ዘግተን ኖርን እንጂ! ደጃፉ ላይ ዶሮና ድመት የማይለይ ሰው ነው ወፍ ሲያስተምር የኖረው።»

ክው አልኩ። ለካ የመጨረሻውን ልጅ ቦርሳ አንቀው ይሄዱ የነበረው እኛ እንዳንጠፋ ሳይሆን እሳቸው እንዳይጠፉ ኖሯል! ወደ ረግረጉ ስንወርድ ያለፍነው ያ ሁሉ ገደል አፋፍ ታየኝ። ወዲያው ደግሞ ንዴት መጣብኝ፤ ጥበብ ነው ብዬ ያን ያህል ዓመት የሰበክሁት የዓይን ሕመም ነው።

«ታዲያ አስተማሪ አይጠቁምም ያሉንስ?» አልኳቸው።

«እኔ? መቼ ወጣኝ?» ብለው ሳቁ። «የማላየውን ወፍ በምን ልጠቁም? ጠያቂ ያደረገኝ ችግር ነው። ስትነግሩኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ውሸት የለውም።»

ስለ ነገው ስብሰባ ነገርኳቸው። ልጆቹ ሲያለቅሱም ዝም ብዬ እንደማያቸው ነገርኳቸው። ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ።

«አንቺ ግን ታያለሽ አይደል?»

«አያለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ምነው ልጄ? እኔ ዓይን ቢኖረኝ ኖሮ እያንዳንዳችሁን ትከሻዬ ላይ አውጥቼ አሳያችሁ ነበር።»